ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት ምልክትና ስለ ባዶ እግር



በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ነገር መነሻው የሐኪም መጽሐፍ አይደለም፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። እንደምታውቁት እኛ በደምበጫ በጸሐፊነት የምናገለግል ነን፤ ሥራችንም ከሳሽ የሚናገረውንና ተከሳሽ የሚመልሰውን ቃል ሳንጨምርና ሳንቀንስ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ይህ ሥራ ብዙ ነገር ያሰማል፤ ከሰማነውም ውስጥ የባለ ጕዳዩን ስም ሳናነሣ ለቤተ ሰብ ትምህርት የሚሆነውን አልፎ አልፎ ማካፈል ልማዳችን ነው።

በአንድ የሰኔ ወር አንድ ገበሬ ቀርቦ ለልጁ እጮኛ የሰጠው ጥሎሽ እንዲመለስለት አመለከተ። የታጨችው ልጅ ዕድሜዋ 20 ዓመት የሞላ፥ በሥራዋም በጠባይዋም የተመሰገነች ነበረች፤ ነቀፌታውም በእርሷ ላይ አልነበረም። የአባቷ እኅት እግሯ አብጦ ዝሆኔ በሚባለው ደዌ የምትሠቃይ መሆኗን የወንዱ ወገኖች የሰሙት ከታጨች በኋላ ነበርና፥ ሰውየው በችሎት ፊት ቆሞ «ይህ ደዌ ከአጥንታቸው ያለ ነው፤ ዛሬ ባይታይ ነገ በልጅ ልጄ እግር ላይ ይወጣል» አለ። እኛም እንዳለው ጻፍን።

ጽፈን ቀና ስንል ግን ያ ሰው የቆመው በባዶ እግሩ መሆኑን አየን። ቀይ ጭቃ እስከ ቍርጭምጭሚቱ ወጥቶ ደርቋል፤ ተረከዙም እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። የልጅቱ አክስት በደጅ፥ ከግንቡ ጥግ፥ ከሰው ሁሉ ርቃ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ጕዳዩ በሽማግሌዎች አለቀ፤ ጥሎሹ ተመለሰ፤ ጋብቻው ግን ቀረ።

ይህን ቃል ከጻፍን በኋላ ልባችን አላረፈም፤ እኛም ከዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንምና። በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን፥ ከእኛ ጋራ ዳዊት ይደግም የነበረ አንድ ተማሪ እግሩ ማበጥ በጀመረው ጊዜ በአንድ ጎጆ ከእርሱ ጋራ ማደርን ተውን። የለመነውን ቍራሽ ሊያካፍለን ሲዘረጋልንም «ጠግበናል» እያልን እንመልስበት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሳይሰናበተን ሄደ። ሁላችንም በባዶ እግራችን በዚያው በቀይ አፈር ላይ እንመላለስ ነበርና፥ የሚያስፈራው ነገር ከጓደኛችን ዘንድ ሳይሆን ከእግራችን በታች እንደ ነበረ የነገረን አልነበረም።

እንግዲህ ያ ገበሬ «ከአጥንታቸው ነው» ያለው እውነት ነውን? ይህን ጥያቄ ለአንድ የጤና መኰንን ወዳጃችን ብናቀርብለት፥ «መልሱ በነጭ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ስታነቡት ተጠንቀቁ» አለን። ይህ ቃል ስለ ነጭ ደም ሕዋሳት ምልክት እንድንመረምር አደረገን፤ ያገኘነውንም ከጥንቱ ጀምረን በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን። የውጭውን አገር ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍነው ሲሆን፥ ዓ.ም. ያልንበት ግን የአገራችን አቆጣጠር ነው።

ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርን ጊዜ መምህራችን በአጉሊ መነጽር የደም ጠብታ አሳይቶን ነበር። የመርፌ ራስ በምታህል፥ አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር በምትሆን ጠብታ ውስጥ ከ 4 እስከ 6 ሚሊዮን የሚደርሱ ቀይ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ነጫጮቹ ግን በጤነኛ ሰው ከ 4,000 እስከ 11,000 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ነጩ ሕዋስ በተሰጣ በርበሬ መካከል እንደ ወደቀ የሽንብራ ፍሬ አንድ እዚህ፥ አንድ እዚያ ሆኖ ይታያል። ቀዩ ሕዋስ አየርን ተሸክሞ ለሰውነት የሚያድል ሲሆን፥ ነጩ ሰውነትን ከደዌ የሚጠብቅ ጭፍራ ነው።

ቀለም ያልነካው ነጭ ሕዋስ ከሌላው ነጭ ሕዋስ ብዙም አይለይም። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ከ 1879 ጀምሮ ልዩ ልዩ ቀለማትን በደም ላይ እያፈሰሰ ሲመረምር አንዱ ሕዋስ ቀዩን፥ ሌላው ሰማያዊውን ቀለም እንደሚቀበል ተመለከተ። በዚህ መንገድ ነጫጭ ሕዋሳት አምስት ዓይነት መሆናቸው ታወቀ። ኒውትሮፊል ከሁሉ የሚበዛው ሲሆን ተባይን እየዋጠ ያጠፋል። ኢዮሲኖፊል የሆድ ትላትል ባለበት ሰው ደም ውስጥ በዝቶ ይገኛል። ባሶፊል እጅግ ጥቂት ነው። ሞኖሳይት በአካሉ ትልቅ ነው። አምስተኛው ሊምፎሳይት የሚባለው ትንሽና ክብ ሕዋስ ነው።

የሊቃውንቱ ችግር በዚህ በአምስተኛው ላይ ነበር። ሊምፎሳይት ሁሉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። በደምበጫ ገበያ ነጭ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሰዎች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ማን ዳኛ፥ ማን ነጋዴ፥ ማን ደብተራ እንደ ሆነ የሚያውቀው ቀርቦ ያየና ያነጋገረ ብቻ ነው። ለሊምፎሳይትም እንዲሁ ሆነ። ውስጡን በቀለም መፈተሽ ስላልበቃ፥ በገጹ ላይ ያለውን ምልክት መመርመር አስፈለገ።

የመጀመሪያው መለያ የተገኘው ማንም ካልጠበቀው ከበግ ደም ነው። በ 1970 ዓመት አካባቢ የሰው ሊምፎሳይት ከበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ጋራ ሲቀላቀል፥ አንዳንዱ ሊምፎሳይት የበጉን ሕዋሳት በዙሪያው ይዞ እንደ ጽጌ ረዳ አበባ ሆኖ ታየ፤ ሌላው ግን ምንም አልያዘም። የበጉን ደም የሚይዘው ቲ ሴል ሲባል፥ ያልያዘውና በገጹ ላይ አንቲቦዲ የተሸከመው ቢ ሴል ተባለ። ቢ ሴል አንቲቦዲ የሚባለውን፥ ጠላትን ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር የሚያዘጋጅ ነው፤ ቲ ሴል ግን ሌሎቹን ጭፍሮች ያዛል ወይም በደዌ የተያዘውን ሕዋስ ራሱ ይገድላል። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ወገኖች በገጻቸው ተለይተው ታወቁ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥበቡ እየበረታ ሄደ። በ 1975 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት አንድን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በብዛት የሚሠራበትን ዘዴ አገኙ፤ በ 1984ም ስለዚህ ሥራቸው የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ 1982 ሊቃውንቱ በፓሪስ ተሰብስበው ምልክቶቹን ሁሉ ሲዲ እያሉ በቍጥር ለመሰየም ተስማሙ፤ ዛሬ የተሰየሙት ምልክቶች ከ 350 ይበልጣሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አንቲቦዲው በሚያበራ ቀለም ተነክሮ ከደሙ ጋራ ይቀላቀላል፤ ሕዋሳቱም በቀጭን ቧንቧ አንድ በአንድ ሲያልፉ የሌዘር ብርሃን ይወርድባቸዋል፤ ምልክቱ ያለበት ሕዋስ ሲያበራ መሣሪያው ይቈጥረዋል። በበር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ በመታወቂያው እየለየ የሚመዘግብ ዘበኛ ይመስላል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን አንባቢዎቻችን በስሙ ታውቁታላችሁ፤ እርሱም ሲዲ ፎር ነው። ሲዲ ፎር ያለበት ቲ ሴል ሌሎቹን ጭፍሮች የሚያዝዝ ነው። በ 1984 እንደ ታወቀው የኤች አይ ቪ ተሐዋሲ ወደ ሕዋስ የሚገባው ይህንኑ ምልክት እንደ በር አድርጎ በመያዝ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ 1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ የሲዲ ፎርን ቍጥር እየጠበቀ ኖሯል። ዛሬ ግን ተሐዋሲው የተገኘበት ሰው ሁሉ ቍጥሩ እስኪወርድ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምራል፤ ሆኖም ቍጥሩ ከ 200 በታች የሆነ ሰው ሌላ ደዌ እንዳይጥለው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በዚህ ቍጥር ላይ ለነገራችን የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። በ 1999 በታተመ ጥናት በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ደም የሲዲ ፎር ቍጥር በአማካይ 775 ሆኖ፥ ከሆላንድ አገር ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወደ እስራኤል አገር በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገና በ 1998 በታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ የቍጥሩ ዝቅ ማለት ከሆድ ትላትል ጋራ የተያያዘ ሆኖ ታየ። ከዚህ የምንማረው፥ የደም ምልክት ብቻውን እንደማይነበብ ነው። ሰውየው የሚኖርበት አፈር፥ የሚጠጣው ውሃ፥ የሚራመድበት መንገድ አብሮ ካልተመረመረ፥ ጤነኛውን ታማሚ ብለን ልንጽፈው እንችላለን።

አሁን ወደ አመልካቹ ገበሬ ቃል እንመለሳለን። እስካሁን የነገርናችሁ ምልክቶች አንዱን የሕዋስ ዓይነት ከሌላው የሚለዩ ናቸው። ደግሞ ከእነዚህ ሌላ፥ አንዱን ሰው ከሌላው ሰው የሚለዩ ምልክቶች በነጭ ሕዋሳት ገጽ ላይ አሉ። እነዚህም ኤች ኤል ኤ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የሰው ነጭ የደም ሕዋስ መለያ ማለት ነው።

አገኛኘታቸው የእናቶችን ክብር የሚገልጥ ነው። በ 1958 ዣን ዶሴ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ደም በተደጋጋሚ ከተሰጣቸው ሕመምተኞች ደም ውስጥ የሌላን ሰው ነጭ ሕዋስ የሚይዝ አንቲቦዲ አገኘ። በዚያው ዓመት በሆላንድ አገር ቫን ሮድ፥ በአሜሪካ አገር ሮዝ ፔይን ይህንኑ አንቲቦዲ በወለዱ ሴቶች ደም ውስጥ አገኙ። ምክንያቱም ፅንሱ የአባቱን ምልክት ይዞ ስለሚያድግ፥ የእናቲቱ ሰውነት ያንን ምልክት ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ የሰውን ልጅ ነጭ ሕዋስ በየዓይነቱ ለመለየት ሊቃውንቱ በመጀመሪያ የተጠቀሙት ከእናቶች ደም በተገኘው ፈሳሽ ነበር። ዶሴም በ 1980 ከሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

እያንዳንዱ ልጅ ከእነዚህ ምልክቶች ግማሹን ከአባቱ፥ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች በምልክታቸው ፈጽሞ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ 2008 ዓ.ም. የተጀመረው ኵላሊትን ከሰው ወደ ሰው የማዛወር ሕክምናም ይህን ዝምድና የሚጠይቅ ነው። ምልክቱ የራቀ እንደ ሆነ ሰውነት የተሰጠውን ኵላሊት እንደ ጠላት ይቈጥረዋልና።

የእነዚህ ምልክቶች ሥራ ምን እንደ ሆነ በምናውቀው በችሎት ሥርዐት ብንመስለው ይቀላል። አንድ ነጭ ሕዋስ ከውጭ የገባውን ባዕድ ነገር ከያዘ በኋላ ቈራርጦ፥ ቍራጩን በኤች ኤል ኤ ላይ አኑሮ ለሲዲ ፎር ሕዋስ ያቀርባል፤ ፖሊስ ኤግዚቢቱን ለዳኛ እንደሚያቀርብ ያለ ነው። ሲዲ ፎሩም አይቶ «ይህ ጠላት ነው» ብሎ ሲፈርድ ጭፍሮቹ ይነሣሉ። የሰው ሁሉ ኤች ኤል ኤ አንድ ስላልሆነ፥ በአንዱ ሰው ዘንድ በርትቶ የሚቀርበው ኤግዚቢት በሌላው ዘንድ ሳይቀርብ ያልፋል። አንድ ነገር አንዱን ሰው አሳምሞ ጐረቤቱን የማይነካው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ዝሆኔን እንመልከት። በቈላ አገር ይህን የመሰለ እብጠት የሚያመጣ፥ በትንኝ ንድፊያ የሚተላለፍ ትል አለ። በደጋችን ያለው ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ 1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲመረምር ደዌው የሚገኘው ዝናብ በሚበዛበት ከፍ ባለ ምድር፥ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ሰዎች ላይ መሆኑን አስረዳ። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ በግሪክ ቋንቋ እግርና ትቢያ ማለት ነው። ከዓይን የተሰወረው የአፈሩ ቅንጣት በእግር ቈዳ በኩል ይገባል፤ ሰውነትም ሲቈጣበት ውሃ መሰሉን ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ ፈሳሹም መመለሻ አጥቶ እግርን ያሳብጣል። ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በደብረ ኤልያስና በዚሁ በእኛ በደምበጫ ወረዳ ቤት ለቤት ተቈጥሮ በ 2012 በታተመው ጥናት፥ በእያንዳንዱ 1,000 ሰው ውስጥ 33 ያህሉ ይህ ደዌ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። በመላው ኢትዮጵያም የታማሚዎቹ ቍጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሚሆን ተገምቷል።

እንግዲህ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? በ 2007 በታተመው በወላይታ ቤተ ሰቦች ላይ በተደረገ ምርመራ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በደዌው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ 2012 ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልንጀሮቹ ጋራ በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አመሳክሮ ልዩነቱ የሚገኘው ኤች ኤል ኤን በሚያዝዘው የዘር ክፍል መሆኑን አስታወቀ። በ 2021 ደግሞ ከወላይታ፥ ከዐማራና ከኦሮሞ በተሰበሰቡ 1,892 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ይኸው ነገር ጸና። ሊቃውንቱም የሚያስቡት አንዳንዱ የኤች ኤል ኤ ዓይነት የአፈሩን ነገር ለሲዲ ፎር ሕዋስ አብዝቶ ስለሚያቀርብ፥ የሰውነት ቍጣው ከመጠን ያልፋል ብለው ነው።

ስለዚህ አመልካቹ ገበሬ የተናገረው ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ምልክቱ በእርግጥ ከአባትና ከእናት ይወረሳል፤ ዳሩ ግን ከአጥንት አይደለም፤ በነጭ ሕዋስ ገጽ ላይ ነው። ከእውነቱ ግማሽ የሚብስ ሐሰት የለምና፥ ሁለተኛውን ግማሽ እንድትሰሙን እንለምናለን።

አንደኛ፤ ምልክቱ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ሁለተኛ፤ ምልክቱ ሳይገኝባቸው የሚታመሙ አሉ። ሦስተኛ፤ እግሩ አፈሩን ያልነካ ሰው ምልክቱ ቢኖረውም በዚህ ደዌ አይያዝም። አራተኛ፤ ያው ምልክት ለሌላ ደዌ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ የምልክቶቹ መብዛትና መለያየት ለሰው ዘር ሁሉ ጥቅም ሆኖ ኖሯልና።

በችሎት እንደምናየው አንድ ሰው በወንጀል ስፍራ መታየቱ ብቻ አያስፈርድበትም። ዝሆኔም እንዲመጣ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም አፈሩ፥ ምልክቱና ባዶው እግር ናቸው። አፈሩን ልንለውጥ አንችልም፤ እርሻችንና እንጀራችን ነው። ምልክቱንም ልንለውጥ አንችልም፤ ከወላጆቻችን የተቀበልነው ነው። ባዶው እግር ግን በእጃችን ነው። እርሱ ሲቀር ክሱ ሁሉ ይወድቃል። እንግዲህ ስለማንለውጠው ምልክት ጋብቻ እያፈረስን፥ የምንለውጠውን ባዶ እግር ዝም ማለታችን የተገለበጠ ፍርድ ነው። ይህ የምልክት ምርመራ የሚደረገው ለጥናት እንጂ ለእጮኛ ማስረጃ እንዲሆን አይደለም።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚሆነው ምክራችን የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ልጅ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ ያድርግ። በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ነገር ግን አፈር በጎኑ ስለሚገባ፥ እግርን የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋራ ይበልጣል። የቤቱ ወለል አፈር የሆነ እንደ ሆነ በቤትም ውስጥ ጫማ አይውለቅ።

2ኛ፤ «ጫማ በእርሻ ጭቃ ውስጥ ተውጦ ይቀራል» የምትሉ ገበሬዎች እውነት አላችሁ። ለዚህ የሚሆን እስከ ጕልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት አለ። እርሱም ባይገኝ ከእርሻ እንደ ተመለሳችሁ ምግብ ሳትቀምሱ እግራችሁን ታጠቡ። «ገንዘቡስ?» ለምትሉን ደግሞ፥ በደምበጫ የሚኖር ሰው የመለኪያ አረቄ ሒሳቡን በየሳምንቱ ቢጽፍ የጫማው ዋጋ በየት በኩል እንደ ሄደ ያገኘዋል።

3ኛ፤ እግር በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በጣቶቹም መካከል በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ይታጠብ፤ አባት ከታጠበ ልጅ ይከተላል።

4ኛ፤ የእግር መዳፍ ሲያቃጥል፥ የእግር ጀርባ ሲያሳክክ፥ ማታ አብጦ ጧት የሚጐድል እብጠት ሲታይ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በዚህ ጊዜ የተደረሰበት እብጠት ሊመለስ ይችላል።

5ኛ፤ ደዌው የጠናበትም ሰው ተስፋ አይቍረጥ። ሕክምናው በቤት የሚደረግ ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ የጤና ሠራተኛ በሚያዝዘው መጠን ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፥ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፥ ጫማና ካልሲ ማዘውተር ነው። በምሥራቅ ጐጃም 696 ታማሚዎች የተካፈሉበትና በ 2018 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ታማሚን በትኵሳትና በሥቃይ ከአልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም ሕክምናውን ወዲያው ባልጀመሩት ዘንድ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲመጣ፥ በጀመሩት ዘንድ ወደ 19.4 ዝቅ ብሏል። ይህ ልዩነት ለአንድ ታማሚ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከመተኛት መዳን ነው፤ በዘርና በአጨዳ ወራት አራት ጊዜ መተኛት ለገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ ልንነግራችሁ አያስፈልግም።

6ኛ፤ ከታማሚ ጋራ አብሮ መብላት፥ አብሮ ማደር፥ በእድርና በማኅበር አብሮ መቀመጥ ምንም አያመጣም። ስለ ጋብቻ ሽማግሌ ስትልኩም ስለ ልጅቱ አክስት እግር ከመጠየቅ ይልቅ፥ ሙሽሮቹ በሚገቡበት ቤት ውስጥ ጫማና ሳሙና መኖሩን ጠይቁ።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፤ ሳይንስ የነጭ ሕዋሳትን ገጽ ለማንበብ ከኤርሊኽ ቀለም እስከ በግ ደም፥ ከእናቶች ደም እስከ ሌዘር ብርሃን መቶ ዓመት ያህል ደክሟል። ያ ሁሉ ድካም ምልክትን በትክክል ለማንበብ እንጂ፥ ሰውን በምልክቱ ለመጣል አልነበረም።

ያ በልጅነታችን የተለየን ጓደኛችን የት እንደ ገባ አናውቅም። በሕይወት ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚያነብለት ሰው ቢያገኝ፥ ያን ጊዜ «ጠግበናል» ያልነው ተርበን እንደ ነበር ይወቅልን። ያ ገበሬ የተናገረውም ቃል በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ ይኖራል፤ የተጻፈ ቃል ይፋቅ ዘንድ ለጸሐፊ አልተፈቀደም። በዚህ ጋዜጣ ላይ ግን መልሱን ለመጻፍ የከለከለን የለም፤ እነሆ ጻፍን።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።